የአኪ ጋራን ቅርጫት

ናንጋ ቴራስ፣ ላያር ወንዝ፣ ሳራዋክ
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1996

ይድረስ ለተከበሩ አያ ሉታ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ወንዙም ሞልቶ፣ ሩዙም አሽቶ፣ ሁላችንም ደህና ነን። ይህች ደብዳቤ ባሕሩን ተሻግራ ደጅዎ ስትደርስ ጤናና ምቾት ይዛልዎ ትግባ።

አያውቁኝም። እኔ የአያታችን የአኪ ጋራን የልጅ ልጅ፣ የሬምባ ሦስተኛ ልጅ ቲጃ ነኝ። እናትዎና አያቴ የአክስት ልጆች እንደነበሩ እናቴ ነግራኛለች። አድራሻዎን ያገኘሁት አኪ ጋራን ከራስጌው የማያርቃት ከነበረች የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ የአዲስ ዓመት ካርዶች አሉባት። ሁሉም ከእርስዎ ናቸው፤ በሁሉም ላይ የተጻፈው አንድ ነው፦ «ደህና ነኝ። አንተስ?» ይቅርታ ያድርጉልኝና አያ፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሌላ የሚጻፍ ነገር ጠፍቶ ነው?

አኪ ጋራን ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት እንደ ልማዱ የዱሪያን ዛፎቹን ዞሮ አያቸው። ለእያንዳንዱ የልጅ ልጅ አንድ አንድ ተክሎ በስማችን ነበር የሚጠራቸው፤ «ቲጃ ዘንድሮ ፍሬ አልያዘችም» እያለ በሰው ፊት ያሳፍረኝ ነበር። ሲመለስ በረጅሙ ቤታችን፣ ቤተሰቡ ሁሉ በሚጋራው በረንዳ ላይ ምንጣፉን ዘርግቶ ጋደም አለ። ለምሳ ልንቀሰቅሰው ስንሄድ አልነቃም። ውሻው እግሩ ሥር ተኝቶ ነበር። እኔ አላለቀስኩም፤ ያለቀስኩት ከሳምንት በኋላ የዓሣ መረቡን ሳጥብ ነው። መንግሥት የሰጠውን የጦር ሜዳ ሜዳሊያ ለመረቡ ማስመጫ አስሮት አገኘሁት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። በመጪው ዲሴምበር ቤታችን ለሙታኑ ሁሉ ይደግሳል፤ ከሃያ ሁለት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ለአሥራ ሰባት ሙታን አሥራ ሰባት የቀርከሃ ቅርጫት ይሠራል። የአኪ ጋራን ለእኔ ደረሰኝ። ደንቡን አልረሱትም ብዬ አምናለሁ። ቅርጫቱ ሰውየው በዚህ ዓለም የሠራውን ይናገራል፦ ላረሰ ሁለት እርከን፣ አርሶም ቤቱን ለመራ ሦስት፣ በጦርነት ሰው ገድሎ ለጣለ ስድስት፣ በዚያ ላይ ጫፉ ላይ ጉልላት። ሙታን እዚያ ማዶ የሚታወቁት በዚያ ነው። ውስጡ የሚቀመጠውንም የሩዝ ጠጅ ራሱ ሰው የጣለ ብቻ በሟቹ ስም ይጠጣዋል። ቅርጫቱን የምትሠራው ሴት ያልሆነውን ከሠራች ደግሞ እጇ ይያዛል። አክስቴ ጋዲንግ ባለፈው ድግስ ለአማቷ አንድ እርከን ጨምራ ነበር፤ ዛሬ ማንኪያ አታነሳም።

የቤቱ አለቃ አጎቴ ኡንቻት «ስድስት ነው፣ ምን ትጠይቂያለሽ?» ይለኛል። ግን እሱም የሰማውን ነው የሚያወራው። አኪ ጋራን ከእንግሊዞች ጦር ጋር ዘምቶ በማላያ ጫካ ያደረገውን በዓይኑ ያየ በሕይወት ያለ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። እባክዎ በትክክል ይንገሩኝ፤ ሰው ጥሏል? ስንት? እንዴት?

መልስዎን በወንዙ ዳር ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ ቲጃ


ሱንጋይ ሲፑት፣ ፔራክ
ኤፕሪል 28 ቀን 1996

ለቲጃ፣ ለሬምባ ልጅ፤

ሰላምታሽ ደርሶኛል። አንቺንም፣ እናትሽንም፣ ኢኒ ሴንዲንም ደግ ደጉን ያሰማችሁ። ያቺ ሴት አያትሽ አሁንም ትሳደባለች? ከተሳደበች ደህና ናት ማለት ነው።

መልስ ለማዘግየቴ ይቅርታ። ዓይኔ ደክሟል፤ ዕድሜዬን በጎማ ዛፍ ሥር ቆሜ ቅርፊት ስቆርጥ ኖሬ፣ ዛሬ ከወረቀት ይልቅ ግንድ ማንበብ ይቀለኛል። ልጄ ሜይ ሊን ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ሚስቴ ሲው ላን ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፤ ብትኖር ሳቋን ታሰማኝ ነበር፣ ስለ ካርዶቹ።

ጋራን ሲሞት ማንም አልጻፈልኝም። ግን አውቄ ነበር። በዚያ ወር አንድ ከሰዓት ጋደም ብዬ፣ ተኝቼም ነቅቼም፣ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ልብሱ እርጥብ ነበር። «ጎማው ምን ያህል ወተት ይሰጣል?» አለኝ። «አርጅቷል» አልኩት። «እኛስ?» ብሎ ሳቀና ወጣ። ወለሉን ተነሥቼ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው።

ልንገርሽ። በመርከብ ስንመጣ አርባ አራት ዓመቱ ነበር፤ በእንግሊዞች ጦር በዱካ ፈላጊነት ለመመዝገብ አሥሩን ቀንሶ ነው የተናገረው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የመርከቧ ጠርዝ ላይ ቆሞ አገኘሁት። «ሉታ፣ የዚህ ወንዝ ምንጩ በየት በኩል ነው?» ይለኛል። «ባሕር እኮ ነው፣ ምንጭ የለውም» ብለው ሊያምነኝ አልቻለም። «ታዲያ ሰው ሲሞት ነፍሱ በየት በኩል ሽቅብ ትሄዳለች?» አለ። ቀኑን ሙሉ ተክዞ ዋለ። በመጨረሻ «ግድ የለም፣ እዚህ አንሞትም» ብሎ ምሳውንም የእኔንም በላው።

እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ሌላ ምን ልጨምርልሽ? ከዛፎቹ ፍሬ የኮመጠጠ ዱሪያን አዘጋጅታችሁ ከሆነ አንድ ማሰሮ ላኪልኝ። አርባ ዓመት ሙሉ አላማረኝም ነበር፤ ደብዳቤሽ ነው ያስነሣብኝ።

አያሽ ሉታ


ናንጋ ቴራስ
ሜይ 19 ቀን 1996

ለተከበሩ አያ ሉታ፤

እንኳን በደህና ድምፅዎን ሰማሁ። ዓይንዎን እግዜር ያበርታልዎ፤ የሜይ ሊንንም እጅ ይባርክ። ኢኒ ሴንዲ ደብዳቤዎን ስናነብላት «ይሄ ሌባ ገና አልሞተም?» ብላለች፤ ስለዚህ ደህና ናት።

ዱሪያኑን ወደዚያ በሚሄድ የአጎቴ ልጅ ልኬልዎታለሁ። «ቲጃ» ከምትባለው ዛፍ ነው፤ ዘንድሮ በእልህ አፈራሁ። ማሰሮውን በሦስት ጨርቅ አስረነዋል፤ አውቶቡስ ውስጥ ካልፈነዳ ይደርስዎታል።

የመርከቡን ታሪክ በረንዳው ላይ ለሁሉም አነበብኩት። ሰው እየሳቀ እንባውን ጠረገ። እኔም ሳቅኩ፤ ሲበቃኝ ግን ደብዳቤውን ገልብጬ ፈለግኩ። አያ፣ ጥያቄዬን አልመለሱልኝም።

እርስዎ በሩ ላይ እንዳዩት ጽፈዋል። እኔም አይቼዋለሁ። ቅርጫቱ መልኩን በሕልም ካላሳየ እጅ እንደማይጀምር ያውቃሉ። ሦስት ጊዜ መጣልኝ፤ ሁልጊዜ አንድ ነው። ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ሽቅብ ይሄዳል፤ ወንዙ የእኛ አይደለም፣ ድንጋዩ ጥቁር ነው፣ ዝናብ አለ። ጀርባውን ሰጥቶኛል። ጀርባው ላይ ትልቅ ነገር ተሸክሟል፤ ምን እንደሆነ አይታየኝም፣ ቅጠል ለብሷል። «አኪ!» ብዬ እጠራዋለሁ። ሳይዞር «አታስቁሚኝ፣ ከቆምኩ አላነሣውም» ይለኛል። ከዚያ እነቃለሁ። በሕይወቱ እኔን እንኳ ጎርፍ በሆነ ቁጥር አዝሎ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበር፤ ግን ያ እኔ አይደለሁም፣ እኔ ዳር ቆሜ ነው የማየው።

አጎቴ ኡንቻት በበኩሉ አላስቀምጥ ብሎኛል። ከአምስት ወንዝ እንግዳ ይመጣል። «የአባቴ ቅርጫት ከሁሉም በላይ ረጅም ሆኖ ካልታየ ፊቴን የት አደርሳለሁ?» ይላል። እሱን እወደዋለሁ፤ ግን የሚያዘው እጅ የእሱ አይደለም። ሁለት ልጆች በዚህ እጄ ነው የማሳድገው።

እባክዎ፣ ሰው ጥሏል ወይስ አልጣለም? አንድ ቃል ይበቃኛል።

ቲጃ


ሱንጋይ ሲፑት
ጁላይ 30 ቀን 1996

ለቲጃ፤

ሰላም ለሁላችሁ። ማሰሮው ደርሷል። ሜይ ሊን ሽታውን ጠልታ ከነማሰሮው ግቢ አስወጣችኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ዛፉ ሥር ተቀምጬ በጣቴ በላሁት።

ስለጠየቅሽው፦ አጎትሽ እንዳለው ሥሪው። ስድስት አድርጊለት፤ ጉልላቱንም ጨምሪ። ለእሱ ሲያንስ ነው። እጅሽም አይያዝ፤ የሚያዝ ካለ የእኔ ይያዝ።

ከዚህ ወዲያ አትጠይቂኝ ልጄ። የሕልሙንም ነገር አትጻፊልኝ።

ሉታ


ናንጋ ቴራስ
ኦገስት 25 ቀን 1996

ለአያ ሉታ፤

ጤና ይስጥልኝ። አትጠይቂኝ ብለውኛል፤ አልጠይቅም። የሆነውን ብቻ ልንገርዎ።

ቀርከሃውን ቆርጬ፣ ሰንጥቄ፣ በጭስ አድርቄ ጀመርኩ። አንደኛው እርከን እንደ ጨዋታ ወጣ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ልጆቼ ከጎኔ እየዘፈኑ ጨረስኩ። አራተኛውን ስጀምር ስንጣሪው ቀጭ አለ። ሌላ ወሰድኩ፣ እሱም ተሰበረ። በአምስት ቀን ውስጥ ሠላሳ ስንጣሪ ሰብሬአለሁ፤ አውራ ጣቴንም ቆርጦኛል። አክስቴ ጋዲንግ በዚያች በተጨበጠች እጇ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ተዪው» አለችኝ።  ያን ቀን ፈራሁ አያ። በእውነት ፈራሁ።

ቁጭ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። አኪ ጋራን ጀርባውም፣ ትከሻውም፣ ጉሮሮውም ሁሉ ንቅሳት ነበር። የጣቱን ንቅሳት፣ ያን ሰው ለጣሉ ብቻ የሚደረገውን፣ ሊያደርጉለት በመጡ ጊዜ ግን «መርፌ እፈራለሁ» አላቸው። ጉሮሮውን የተነቀሰ ሰው! ሁሉም ሳቁ፤ ትሕትና ነው ተባለ። በየቤቱ ድግስ የጀግኖቹን ጠጅ ሲያቀርቡለት ሁልጊዜ ሆዱን ያመው ነበር፤ ከሰዓታት በኋላ ተራውን ጠጅ ሲጠጣ ግን ሆዱ ድኖ ያድራል። የማላያን ታሪክ ሲያወራልን ደግሞ ዝናቡን፣ ዱካውን፣ አልቅቱን ይነግረንና «ከዚያ ወንዙን ተሻገርን» ሲል ያቆማል። «ከዚያስ አኪ?» ስንለው «ከዚያማ ኤሊ አገኘን» ብሎ የኤሊውን ጨዋታ ይጀምራል። ለአርባ ዓመት ያቺው ኤሊ ናት።

ትናንት የብስኩት ቆርቆሮዋን ገለበጥኩ። ከካርዶቹ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አንድ የቆርቆሮ ማንኪያ አለ። እጀታው ላይ በሚስማር የተጫረ የቻይና ጽሑፍ አለበት። ኢኒ ሴንዲን ብጠይቃት አይታው አታውቅም።

አልጠይቅም ብያለሁ። ማንኪያውን ግን በወረቀት ላይ አስቀምጬ ዙሪያውንም ጽሑፉንም በእርሳስ ሥዬ ልኬልዎታለሁ። ሥራዬን አቁሜአለሁ።

ቲጃ


ሱንጋይ ሲፑት
ኦክቶበር 14 ቀን 1996

ቲጃ ልጄ፤

ዛሬ ሰላምታውን ላሳጥርብሽ። ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው፤ ሜይ ሊን እንድትሰማው አልፈለግሁም። ፊደሉ ከተጣመመብሽ ታገሺኝ።

በ1952 ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ዝናቡ አራት ቀን አላቋረጠም። የሸማቂዎቹን ዱካ እየተከተልን ነበር፤ ጋራን ከፊት፣ እኔ በስተግራው፣ ሰፈራችን ሁለት ቀን ወደ ኋላ። ውሃ ልቀዳ ወደ አንድ ጅረት ወረድኩ። አንድ ወጣት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ማንኪያ ያጥባል። ጠመንጃው ከጎኑ ተደግፏል። ቀና ብሎ አየኝ። ሊስቅ ይሁን ሊጮህ እንጃ፣ አፉ ተከፈተ፤ ተኮስኩ።

ወዲያው አልሞተም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ማንኪያውን ውሃ ሊወስደው ሲል ያዝኩለት፤ ለምን እንደያዝኩለት አላውቅም። በማላውቀው ቋንቋ ብዙ ነገረኝ፤ አንድ ቃል ይደጋግም ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ ቻይናዊቷን ሲው ላንን አግብቼ፣ የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ፣ ያንኑ ቃል ስትጮኽ ሰማኋት። እናቷን ነበር የምትጠራው። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር አልነገርኳትም።

ጋራን ሲደርስ እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል። አልቆሰልኩም፤ እግሬ እንዲሁ ሞቷል። እኔን አየኝ፣ ሰውየውን አየ፣ ዓይኑን በመዳፉ ከደነለት። ከዚያ ጠመንጃዬን ወስዶ የእሱን ሰጠኝ። «ስማ ሉታ» አለ፣ «አንተ እዚህ አልወረድክም። የተኮስኩት እኔ ነኝ። እኔ ስድስት ልጅ ወልጃለሁ፣ አርጅቻለሁ፣ እችለዋለሁ። አንተ ገና ነህ።» ማንኪያውን ከእጄ ሊያስለቅቅ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታቸው። ከዚያ ዞረና ጀርባውን ሰጠኝ። «ውጣ» አለኝ።

ሁለት ቀን አዘለኝ። ዝናቡ እንዳይመታኝ የሙዝ ቅጠል አለበሰኝ። ወንዙን ስንሻገር ውሃው ጉልበቱን አልፎ ነበር፤ «ጋራን፣ አውርደኝና እረፍ» አልኩት። «አታስቁመኝ» አለኝ፣ «ከቆምኩ አላነሣህም።»

ሕልምሽን ሳነብ ምን እንደሆንኩ አሁን ታውቂያለሽ።

ሰፈር ስንደርስ አዛዡ የጋራንን ስም ጻፈ። እኔ ዝም አልኩ። በዚያን ጊዜ ስጦታ መሰለኝ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ። ውሎ ሲያድር ግን አፈርኩ። እሱ ባልሠራው ሊወደስ ነው፣ እኔ በሠራሁት ልተኛ ነው። የመመለሻችን ቀን ሲደርስ፣ ሴቶቹ ጨርቅ ይዘው ጀልባ መውረጃው ላይ ሲጨፍሩለት፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ማየት እንደማልችል ገባኝ። «አልሄድም፣ እዚህ ሥራ አግኝቻለሁ» አልኩት። ምንም አልተቆጣኝም። «በዓመት አንድ ጊዜ ደህና ነኝ በለኝ» አለ፣ «ያ ይበቃኛል።» ስለዚህ ነው ካርዱ ላይ ሌላ ነገር ያልነበረው።

ቅርጫቱን ስድስት አድርጊ ያልኩሽ ዕዳዬን የምከፍልበት መስሎኝ ነው። ለካ እሱን መልሼ ላሸክመው ነበር፣ አንቺንም ላሳምምሽ። ይቅር በዪኝ። እሱ ማንንም አልጣለም፤ የወደቀ ነው ያነሣው። ይህን ለቤቱ ብታነቢው አልቀየምሽም፤ ብታቃጥዪውም እንደዚያው። ማንኪያውን ግን አደራ።

ሉታ


ናንጋ ቴራስ
ኖቬምበር 6 ቀን 1996

ለምወድዎ ለአያ ሉታ፤

ሰላምና ዕረፍት ይስጥዎ፤ ዕረፍቱ ከሰላሙ ይብዛልዎ።

አነበብኩት። መጀመሪያ ብቻዬን ወንዝ ዳር፤ ከዚያ የእርሻው ሰው ሁሉ ሲመለስ በረንዳው ላይ፣ ጮክ ብዬ።  

ስጨርስ አጎቴ ኡንቻት ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ። «ይቃጠል!» አለ። «አምስት ወንዝ ሙሉ ሰው ጠርተን አባታችን ምንም አላደረገም ልንል ነው? አንቺ ልጅ፣ ስንጣሪ ቢያቅትሽ ሽማግሌውን ትሸርፊልናለሽ?»

«እኔ አልሸረፍኩትም» አልኩት፣ «ሰው አዝሎ ሁለት ቀን መሄድ ምንም አይደለም ካልክ ሉታን እኔ ላይ አሳዝለኝና ልሞክር።»

ይህን ጊዜ ኢኒ ሴንዲ መሳቅ ጀመረች። የምታኝከውን ቅጠል ተፍታ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ለካ ለዚህ ነው!» አለች። «አርባ ዓመት ሙሉ በየድግሱ ሆዴን ሲለኝ፣ ዝንጅብል እየወቀጥሁ ያጠጣሁት! ምነው በነገረኝና ዝንጅብሉ በተረፈልኝ!» ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ። እንዲያ ስታለቅስ በቀብሩም ቀን አላየኋትም። ሲበቃት ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ አጎቴ ዞረች፦ «ኡንቻት፣ ስድስት እርከን ሰቅላችሁ ብትልኩት እዚያም ሆዱን ያመዋል። እዚያ ደግሞ ዝንጅብል የሚያፈላለት የለም፤ እኔ ገና እዚህ ነኝ።»

 አጎቴ አጠገቧ ተቀመጠ። «እኔንም አዝሎኝ ያውቃል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወባ የያዘኝ ጊዜ።» ከዚያ አንዱ «እኔንም» አለ፤ ሌላዋም «እኔንም» አለች። እስኪመሽ ድረስ የዚህ ቤት ሰው ማን ማን በዚያ ጀርባ ላይ እንደወጣ ሲያወራ ነበር። ያልወጣ አላገኘንም።

ቅርጫቱን ጨርሻለሁ። ሦስት እርከን ነው፤ ጉልላት የለውም። ግን ከጀርባው ማዘያ ሠራሁለት። በሙታን ቅርጫት ላይ ማዘያ የሠራች ሴት የለችም፤ አክስቴ ጋዲንግ አይታ «ይህን ማን አስተማረሽ?» አለችኝ። «ራሱ ነው ያሳየኝ» አልኳት። አንድም ስንጣሪ አልተሰበረም። እጄም ይኸው ይጽፍልዎታል።

አንድ ነገር ቀረ። በቅርጫቱ ውስጥ ያለውን ጠጅ የሚጠጣ በዚህ ቤት ማንም የለም፤ የመጨረሻው ሰው ባለፈው ዓመት አረፈ። አጎቴ ከሌላ ወንዝ ሰው ሊያስመጣ ነበር። ኢኒ ሴንዲ እምቢ አለች። «ባሌን የሚያጠጣው ባሌ ያዘለው ነው» ብላለች። ካልመጡ ጠጁ በወለሉ ስንጥቅ ወደ ታች ይፈስሳል፤ አኪም እንደጠማው ይሄዳል። ለማንኪያው ባለቤትም ከዚያው ጠጅ እናፈስስለታለን፤ ስሙን ስለማናውቅ በማንኪያው እንጠራዋለን።

ጉልላቱን ለእርስዎ ቅርጫት አስቀምጬዋለሁ። እሱ ግን ገና ነው፤ አይቸኩሉ።

ድግሱ ዲሴምበር 14 ነው።

ልጅዎ ቲጃ


ሱንጋይ ሲፑት
ኖቬምበር 20 ቀን 1996

ቲጃ፤

ደብዳቤሽን ለሜይ ሊን ሰጠኋት፤ የእኔንም የመጀመሪያ ረቂቅ። አንብባ ሲያበቃ ከእናቷ ፎቶግራፍ ፊት ወሰደችኝና «ለእሷም ንገራት» አለችኝ። ነገርኳት። ማንኪያው ላይ ያለውን ጽሑፍም ከሥዕልሽ አነበበችልኝ። ስም ነው፤ ሆክ ሴንግ። ስትጠሩት በስሙ ጥሩት።

ሻንጣዬን አስሬአለሁ። ሜይ ሊን ባሕሩን አሻግራ ወንዛችሁ ዳር እስካለው ከተማ ታደርሰኛለች፤ ከዚያ በጀልባ እመጣለሁ። ፈርቻለሁ፤ አልዋሽሽም። አንድ ነገር ደግሞ አፍሬም ቢሆን ልንገርሽ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም። የጀልባው መውረጃ ዳገት ነው፤ የቤታችሁም ግንድ መሰላል ካልተለወጠ አልወጣውም። በእንግዳው ሁሉ ፊት እታች ቆሜ እንዳልቀር ምን ትመክሪኛለሽ?

ሉታ


ናንጋ ቴራስ
ዲሴምበር 1 ቀን 1996

አያ ሉታ፤

መሰላሉ አልተለወጠም። ወንዶቹ ሊያወጡዎ እርስ በርስ እየተጣሉ ነው፤ አጎቴ ኡንቻትም «እኔ ነኝ» ብሏል። ሁሉንም እምቢ ብያለሁ። ውሃው ዳር የምጠብቅዎ እኔ ነኝ። ጀርባዬ ሰፊ ነው፤ እናቴ ባል ያሳጣሻል እያለች ስትሰጋበት የኖረች ጀርባ ነው፤ የአኪን ነው የወረስኩት።

ከጀልባው ሲወርዱ ምንም አይናገሩ። ዞሬ እቆምልዎታለሁ፤ ይውጡ። መንገድ ላይ «አውርጂኝ» እንዳይሉኝ ብቻ።

ቲጃ